ስለ ትንንሽ ግድቦች፤ ክረምት ሳይገባ



በዚህች ጋዜጣችን ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ነገሩ ትንሽ መስሎ መታየቱ ራሱ አደጋው ስለ ሆነ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ለፋሲካ ዕረፍት ወደ ትውልድ ስፍራዬ ወደ ቦምቤ ሄጄ ነበር። ዘመዶቼም «ዘንድሮስ አገራችን አምሮበታል፤ መዝናኛ ተሠርቶልናል» እያሉ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይዘውኝ ወጡ። ያየሁት እንዲህ ነው። ገንዘብ ያገኙ አንድ የአካባቢው ሰው በሁለት ኮረብታ መካከል የሚወርደውን ጅረት በዐፈር ገድበው ኩሬ አድርገውታል። ኩሬው ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሜትር ያህል ይሆናል። በዳሩ ላይ የሣር ጎጆዎች ተቀልሰዋል፤ ለስላሳ ይሸጣል፤ ልጆች ይዋኛሉ፤ ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ዓሣም ተጨምሮበታል። አሳቤ ሰውን ማሳፈር ስላልሆነ የባለቤቱን ስምና የቦታውን ምልክት አልጽፍም። እንዲያውም ወጣቱ ሁሉ ሥራ ፍለጋ ቀዬውን ጥሎ በሚሰደድበት ዘመን ገንዘባቸውን በገዛ አገራቸው ላይ ያዋሉ ሰው ሊመሰገኑ ይገባቸዋል።

በግድቡ ላይ እየተራመድን ሳለን ግን ዓይኔ በአራት ነገሮች ላይ ዐረፈ። የግድቡ አናት የሰውና የከብት መሻገሪያ ሆኖ መካከሉ ጎድጎድ ብሏል። በጀርባው ላይ ለጥላ ተብሎ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ትርፍ ውኃ እንዲወጣባት በጎን የተቈፈረችው ቦይ ጠባብ ስትሆን፣ እርሷም ዓሣው እንዳያመልጥ በሽቦ ወንፊት ታጥራለች፤ ወንፊቱም ቅጠልና ገለባ አግዷል። አራተኛው ደግሞ፣ ከግድቡ ግርጌ ቀድሞ ደረቅ ከነበረው መሬት ላይ ውኃ ይፈልቃል። የመንደሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። አንዲት እናት ደስ ብሏቸው «ዐምና አንዱ ጀሪካን እስኪሞላ ቁጭ ብለን ብዙ እናወራ ነበር፤ ዘንድሮስ ተመስገን፣ ወሬያችንን ሳንጀምር ይሞላል» አሉኝ። ባለቤቱም ነገሩን እንደ በረከት ቈጥረው «ግድባችን ምንጭ ወለደልን» አሉኝ።

እኔም አብሬያቸው ሣቅሁ። ወደ ግቢያችን ተመልሼ ደብተሬን ከገለጥሁ በኋላ ግን ሣቄ ቀዘቀዘ። እነዚያ እናት በደስታ የነገሩኝ ነገር፣ አንድ የግድብ ሐኪም ቢሰማው ኖሮ እንቅልፍ የሚነሣው ነገር ነበር።

ለምን ቢባል፣ የዐፈር ግድብ የሚሞትባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ውኃ በአናቱ ላይ ሲፈስስ ነው። የድንጋይና የሲሚንቶ ግድብ በአናቱ ላይ ውኃ ቢያልፍበት ለጥቂት ጊዜ ሊችለው ይችላል። የዐፈር ግድብ ግን ጀርባው እየታጠበ፣ ዝቅ ካለው ቦታ ላይ እየተቦረቦረ በሰዓታት ውስጥ ይሰነጠቃል። ከዚህ የሚያድነው የጎርፍ ማስተንፈሻው ነው። ስለዚህ ማስተንፈሻን ማጥበብ ወይም በወንፊት መዝጋት የሰውን አፍና አፍንጫ እንደ መክደን ይቈጠራል። ጎድጎድ ያለ አናትም ውኃው የት በኩል እንዲያልፍ አስቀድሞ መንገድ ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ሞት ከውስጥ ይመጣል። ውኃ በዐፈር ግድብ ውስጥ መስረጉ ብቻውን ክፉ አይደለም፤ ፈጽሞ የማይሰርግበት የዐፈር ግድብ የለም። ክፉው ነገር የሚሰርገው ውኃ ዐፈሩን ይዞ መውጣት ሲጀምር ነው። በደንብ የተሠራ ግድብ ውኃውን አሳልፎ ዐፈሩን የሚያስቀር የአሸዋና የጠጠር ማጣሪያ በውስጡ ይደረግለታል። ማጣሪያ የሌለው ግድብ ግን ከግርጌው ይቦረቦርና ቀዳዳው ወደ ኋላ፣ ወደ ኩሬው እየገሰገሰ ይሄዳል። ቀዳዳው በሰፋ ቍጥር ውኃው ይበረታል፤ ውኃው በበረታ ቍጥር ቀዳዳው ይሰፋል። የባሕር ዛፍ ሥር፣ የፍልፈል ጉድጓድና የምስጥ ቤትም ለዚህ ሥራ ረዳቶች ናቸው። በአሜሪካ አገር ቲቶን የሚባለው 93 ሜትር ከፍታ ያለው አዲስ የዐፈር ግድብ በአውሮፓ አቈጣጠር ሰኔ 5 ቀን 1976 ጠዋት ላይ የጭቃ ውኃ ሲያፈስስ ታየ፤ ከቀትር በፊት ፈረሰ። እንግዲህ በ1 ዓመት ውስጥ የጀሪካኑ መሙያ ጊዜ ካጠረ፣ ያ ነገር ምንጭ መወለዱ ነው ወይስ ግድቡ መታመሙ? መርምሮ የሚለይ ሰው እስኪመጣ ድረስ ክፉውን መጠርጠር ግዴታ ነው።

«ኧረ ለአንዲት ኩሬ ይህ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። እንግዲያውስ እንቍጠረው። ከላይ የነገርኋችሁ ኩሬ በአማካይ 2 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 10,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ይህም 10,000 ቶን ወይም 100,000 ኩንታል ነው። ከ4 ሜትር ከፍታ የሚለቀቅ ውኃ በሰከንድ ወደ 9 ሜትር ሊፈጥን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን በጭቃ ቍልቍለት ላይ ሮጦ የሚያመልጠው ልጅ የለም። ከዚያ ግድብ በታች ደግሞ እንሰትና ጎደሬ ተተክሏል፤ ቤቶች አሉ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩባት መንገድ አለች። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት አባቶቻችን ያለ ነገር አልነበረም።

የመዝናኛ ግድብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዓለም አስቀድሞ አይቶታል። በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ ክፍለ ሀገር ሳውዝ ፎርክ የሚባል የዐፈር ግድብ ነበረ። መንግሥት ለቦይ ማመላለሻ ሠርቶት ኋላ የተወውን ይህን ግድብ በ1879 አንድ የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብ ገዛው። ከአባሎቹም መካከል ስመ ጥሩዎቹ ባለጠጎች አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ ነበሩበት። ውኃውን ዝቅ ለማድረግ የሚያስችሉት የብረት ቧንቧዎች ቀደም ሲል ተነቅለው ተሸጠው ነበር፤ ክበቡም አልተካቸውም። ሠረገላ እንዲያልፍበት ተብሎ የግድቡ አናት ዝቅ ተደረገ። ዓሣ እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው በወንፊት ታጠረ። በግንቦት 31 ቀን 1889 ከከባድ ዝናብ በኋላ ግድቡ ፈረሰ፤ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የነበረችው የጆንስታውን ከተማ በውኃ ተጠረገች። ከ2,200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በፍርድ ቤት ተጠያቂ የሆነ ግን አልነበረም፤ ጥፋቱ ለሰማይ ተሰጠ።

ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ በቦምቤ ያየኋት ወንፊት በዓይኔ መጣችብኝ። በ2 የተለያዩ ክፍለ ዘመናት፣ በ2 የተለያዩ አህጉሮች፣ አንድ ባለጠጋ ክበብና አንድ የኛ አገር ሰው ዓሣቸውን ለማዳን አንድ ዓይነት አሳብ አሰቡ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሁለቱንም «ይህን አታድርጉ» የሚላቸው ዐዋቂ ስላልነበረ ወይም ስላልተሰማ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይመለከታል። በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ቶኮዋ ፎልስ በሚባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ግቢ በላይ በኩል ኬሊ ባርንስ የሚባል 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የዐፈር ግድብ ነበረ። ቀድሞ የኮሌጁን መብራት ያመነጭ ነበር፤ ከ1957 በኋላ ግን መብራቱ ቀርቶ ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ዋለ። በ1973 በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የግድቡ ጀርባ በከፊል ተንሸራትቶ ይታያል፤ ያን ጊዜ ግን ከቁም ነገር የቈጠረው አልነበረም። በኅዳር 6 ቀን 1977 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ተማሪዎችና ቤተ ሰቦች በተኙበት፣ ግድቡ ፈርሶ 39 ሰዎችን ገደለ። የሚያሳዝነው ነገር፣ ግድቦች ሁሉ እንዲመረመሩ የሚያዝዝ ሕግ ከ5 ዓመት በፊት በ1972 ወጥቶ ነበር፤ ገንዘብ ስላልተመደበለት በወረቀት ላይ ቀረ። ፕሬዚዳንት ካርተር የግል ግድቦች እንዲመረመሩ ያዘዙት ሬሳው ከተነሣ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

«ያ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው» የምትሉ ካላችሁ ጎረቤታችንን ኬንያን ተመልከቱ። በግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት፣ በናኩሩ አውራጃ ሶላይ በሚባለው ስፍራ በአንድ የግል እርሻ ላይ የነበረ የዐፈር ግድብ በከባድ ዝናብ ፈርሶ ከ40 በላይ ሰዎች አለቁ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የውኃ ባለሥልጣኖቹም ግድቡ ፈቃድ እንዳልነበረው ያን ጊዜ ተናገሩ። ፈቃድ አለመኖሩ የታወቀው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ሆነ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ስለ ታላላቆቹ ግድቦቻችን ሁላችንም እናውቃለን። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ጊቤ 3 ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የዓባይ ግድብ ደግሞ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሕዝቡ በየቤቱ እልል ብሏል። እነዚህን የሚጠብቅ መሐንዲስ አለ፤ መለኪያ መሣሪያ አለ። በዓለም አቀፉ የግድቦች ማኅበር አቈጣጠር «ትልቅ ግድብ» የሚባለው በተለይ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ከመዝገብም ከዓይንም ያመልጣል። ወደ ኦሞ በሚወርዱት በኛ አገር ጅረቶች ላይ ግን የአንድን መንደር ዕድሜ የሚወስነው ከ240 ሜትር በላይ የሆነው ሳይሆን 4 ሜትሩ ሊሆን ይችላል።

መሥራት እንጂ መጠበቅ እንደማይሆንልን ደግሞ የታወቀ ነው። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በየገበሬው ደጃፍ ኩሬ እንዲቈፈር ታላቅ ዘመቻ ተደርጎ ነበር። የተቈፈረው ተቈጠረ፤ ሪፖርቱ ተላከ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ብዙዎቹ ውኃ የማይዙ፣ በደለል የተሞሉ ጉድጓዶች ሆነው ቀሩ። የሚቈጠረው ሥራው እንጂ ጥበቃው ስላልነበረ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሕጉ አንድ ቃል ልናገር፤ «በራሱ መሬት፣ በራሱ ገንዘብ የሠራውን ምን አገባችሁ?» የሚል ጥያቄ ከራሴ ዘመዶች ቀርቦልኛልና። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197/1992 የውኃ ሥራ ለመሥራት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ከዚያም አስቀድሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 2069 የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው፣ ጥፋት ባይገኝበትም እንኳ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል። እንግሊዞችም አንድ የፋብሪካ ባለቤት ያስቈፈረው የውኃ ማጠራቀሚያ በ1860 የጎረቤቱን የከሰል ማዕድን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ በ1868 የጌቶች ምክር ቤታቸው ተመሳሳይ ፍርድ ሰጥቷል። እንግዲህ መሬቱ የግል ነው፤ ገንዘቡም የግል ነው፤ ውኃው ሲለቀቅ የሚወርደው ግን የሌላው ሰው ቤት ላይ ነው። ሆኖም ሕግ ከሞት በኋላ ካሣ ይሰጣል እንጂ ሕፃን አይመልስም። ካሣውንም ቢሆን ግድቡ ሀብቱን ሁሉ ይዞበት ከሄደ ሰው ማን ይቀበላል?

ዘመኑ ደግሞ የዝናብ ነገር የማይታመንበት ሆኗል። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ወር መጨረሻ በኛው በወላይታ በኪንዶ ዲዳዬ ሰዎች እንዲሁ ተቀበሩ። ዝናብ የጠገበ ዳገት ምን እንደሚያደርግ ከኛ የበለጠ ማን ያውቃል? የዐፈር ግድብ እኮ በሰው እጅ የተሠራ፣ ከጀርባው ኩሬ የተሸከመ ዳገት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኩሬው ይፈርስ፣ ሰውየው ይከሰሱ የሚል አሳብ የለኝም። የገጠር ልጅ ዋና ቢማር፣ ሙሽራም ውኃ ዳር ፎቶግራፍ ብትነሣ ደስ ይለኛል። እኔ የምለው፣ ሥራው የኛ የተማሪዎቹ ነው። ለዚህም አብነት አለን። በትግራይ በ1987 ዓ.ም. በ10 ዓመት ውስጥ 500 ትንንሽ ግድቦች ይሠራሉ ተብሎ ታቅዶ ከታቀደው ጥቂቱ ብቻ ተሠርቶ ነበር። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተመራማሪዎች ግን ወደ እነዚያ ግድቦች እየወረዱ ደለሉን ለኩ፤ ስርገቱን አጠኑ፤ የትኛው ለምን እንደ ታመመ ጻፉ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 1 ዓመት ወደ ገጠር ወጥተው ያገለግሉ ነበር። እኛ 1 ዓመት አልተጠየቅንም፤ የምንጠየቀው ጥቂት ቅዳሜዎችን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን የሚከተለውን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከውኃ ምሕንድስናና ከሕንፃ ምሕንድስና ተማሪዎች አንድ ቡድን ይቋቋም፤ በመምህራን እየተመራ፣ ከወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤትና ከባለቤቶቹ ፈቃድ እየጠየቀ፣ በአካባቢያችን ያሉትን ትንንሽ ግድቦች ከሰኔ በፊት ይመዝግብ። ሁለተኛ፣ ያለ መሣሪያ በዓይን የሚታየውን ሁሉ የያዘ አንድ ገጽ በወላይትኛና በአማርኛ ይባዛ፤ አናቱ ጎድጉዷል ወይ? ማስተንፈሻው ክፍት ነው ወይ? ጀርባው ላይ ዛፍ፣ ጉድጓድ ወይም ስንጥቅ አለ ወይ? ከግርጌው የሚወጣው ውኃ ጥሩ ነው ወይስ ደፍርሷል? ሦስተኛ፣ ከግድብ በታች የሚኖሩ ሰዎች ማን እንደሚጮኽላቸውና ወደ የትኛው ኮረብታ እንደሚሮጡ አስቀድመው ይስማሙ።

አራተኛው ከሁሉ ርካሽ ነው። ከግድቡ ግርጌ በሚፈልቀው ውኃ ሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየተደረገ፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚሞላ በየሳምንቱ በሰዓት ይለካና በደብተር ይጻፍ፤ የኩሬው ውኃ ምን ያህል እንደ ደረሰም ከጎኑ ይመዝገብ። ኩሬው በዚያው ልክ ሳለ የመሙያው ጊዜ ካጠረ ወይም ውኃው ከደፈረሰ፣ ሳይውል ሳያድር ኩሬው በጥንቃቄ ዝቅ ይደረግና መሐንዲስ ይጠራ። ይህን ሥራ ለመሥራት ዲግሪ አያስፈልግም። እነዚያ እናት እኮ ሳያውቁት 2 ዓመት ሙሉ ሲለኩ ኖረዋል፤ የጎደለው ልኬታቸውን የሚሰማ ሰው ብቻ ነው።

እኔ ራሴ በዚያ ቀን ከሰማሁ በኋላ መሣቄን አልረሳውም። ወደዚህ ከተመለስሁ በኋላ ለባለቤቱ ስልክ ደውዬ፣ «ጋሼ፣ ምንጭ ያልነው ነገር ያሠጋኛል፤ ወንፊቱንም ቢያነሡት ጥሩ ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «ልጄ፣ 3 ክረምት አልፎበታል እኮ፤ ምንም አልሆነም» አሉኝ። 3 ክረምት ማለፉ አራተኛውን አያስተማምንም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርሁ። በመጨረሻም «እንግዲያው መምህሮችህን ይዘህ ና፤ አይተው ይንገሩኝ፤ በሬ ክፍት ነው» አሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሰውየው በራቸውን አልዘጉብንም። ከዛሬ ጀምሮ መዘግየቱ የርሳቸው ሳይሆን የኛ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዝናቡ ሳይበረታ እንሂድ። በሚመጣው የማኅበራችን ስብሰባ ይህ ነገር በአጀንዳ እንዲያዝ ስጠይቅ፣ አብረውኝ ወደ ቦምቤ የሚወርዱ ስማቸውን ለጋዜጣው አዘጋጅ እንዲያስመዘግቡ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንድ የቦምቤ ልጅ